የመጀመሪያው ዝናብ ይፍሰስ

ይድረስ ለምወድሽ ለእታለም፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሥራው በረታብሽ ወይስ ለመድሽው? እኛ ደህና ነን። ልጅሽም ተሽሎታል። ተሽሎታል ስልሽ እንዳትደነግጪ፣ ከሥሩ ልንገርሽ።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አባዬ እንደ ልማዱ የአሸንዳውን ቱቦ ከታንከሩ ነቀለው። የጣሪያው አቧራና የወፍ ኩስ አስቀድሞ ታጥቦ መሄድ አለበት። ጣሪያም እንደ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ እንግዳ አይቀበልም ሲል ታውቂው የለ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እንኳ የራሷን ቱቦ የምትገጥመው እሱ «ጠራ» ሲል ነው። አባዬ ከቱቦው በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃኑ አነሳና ወዲያው፣ «ጠርቷል፣ ግጠሚው» አለኝ። ውሃው ግን ገና ሻይ ይመስል ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከአጥሩ ማዶ፣ «ዘንድሮስ ቸኮሉ፣ ጠምቶዎት ነው?» ብላ ሳቀችበት። እሱም፣ «አንቺ መርፌሽን ጠብቂ» አላት።

አባዬን በሰው ፊት ማረም አቃተኝ። እሱ ፊት አንደበቴ እንደሚተሳሰር ታውቂያለሽ። ገጠምኩት።

ብዙም ሳይቆይ ልጅሽ ሆዱን ታመመ። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ስለምንጠጣው ውሃ ጠይቃኝ፣ ታንከሩን እጠቡት፣ ለልጁም አፍልታችሁ ስጡት አለችኝ። አሁን ዶሮ ሲያባርር ነው የሚውለው። አባዬ ግን እህል አልወርድ ብሎት ሰነበተ። ታንከሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቆርቆሮውን በመዳፉ ይዳብሳል።

ታንከሩ ውስጥ ገብቼ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ትናንት ሲዘንብ አባዬ ብርጭቆውን ቀዳና ለእኔ ሰጠኝ። ልብስ ሰፊዋ እንድትሰማ ጮክ ብሎ፣ «ልጄን ሙያ እያስተማርኳት ነው» አለ። ቀስ ብሎ ደግሞ፣ «እንዴት ነው?» አለኝ። «ገና ነው አባዬ» አልኩት። ደፋነው፣ እንደገና ቀዳን። እንዲህ እያልን ቆይተን፣ «ጠራ» አልኩ። ድምፄ አጥሩን ተሻግሮ ኖሮ ልብስ ሰፊዋም ቱቦዋን ገጠመች።

በቤት ውስጥ ስለ ዓይኑ ነገር አንነጋገርም። እኔም ወንበሮቹን ከቦታቸው አላነሳም፣ ጫማውንም ሁልጊዜ አልጋው ሥር በስተቀኝ አኖርለታለሁ።

ፈቃድ ሲሰጡሽ ነይ እንጂ። ስትመጪ ግን እንዳለፈው ድንገት ፊቱ ቆመሽ ዝም እንዳትዪ። ከበሩ ጀምረሽ «አባዬ፣ እኔ ነኝ» በዪው።

ያለሽበት አገር ውሃው ጥሩ፣ ሰዉ ደግ ይሁንልሽ።

ልጅሽን አቅፋ የምትጠብቅሽ፣
ታናሽ እህትሽ