ከቁም ሳጥን የወጣ ወንበር

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ደም ግፊትሽስ ጋብ አለልሽ? እንቅልፍሽ፣ ዐይንሽ፣ የምግብ ፍላጎትሽ እንዴት ነው? እኛ ደኅና ነን፤ የሚያመን ያንቺ ናፍቆት ብቻ ነው።

ሐሳብ እንዳይገባሽ ስለ ልጃችን አስቀድሜ ልንገርሽ። ሦስት ዓመት ሞልቷትም ወገቧ አልጠና ብሎ፣ ሰው ካልደገፋት እንደማትቀመጥ ታውቂያለሽ። የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ራሷን ችላ ከተቀመጠች አምጧት፣ ካልቻለች ግን የሚይዝልን ሰው የለንም ብላን ነበር። ሐኪሙ ጎንና ጎኗን የሚይዝ ወንበር ያስፈልጋታል አለ፤ ለእሷ የሚሆን ግን ፈልገን አጣን።

ይህን የሰማችው አከራያችን፣ ያቺ መብራት አጥፉ እያለች የምታሰለቸን ሴትዮ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ስትዳር የተሰጣትን ቁም ሳጥን ምስጥ ከሚበላው ለልጅቷ ወንበር ይሁን ብላ አወጣችልን። በሩ ወልቋል እንጂ እንጨቱ ዛሬም ድንጋይ ነው። ታች ቤት የሚኖረው አናጢ መጋዙን አዋሰኝ። እኔም ዳቦ ጋጋሪነቴን ረስቼ አናጢ ሆንኩልሽ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስሚና ሳቂብኝ። ምራትሽ ልጅቷን በስንዝር ለክታ ነገረችኝ፤ እኔ ደግሞ በራሴ ስንዝር እየለካሁ ቆረጥኩት። የእሷን እጅ ታውቂዋለሽ፣ የሕፃን እጅ ነው። የኔ ከአባባ የወረስኩት አካፋ ነው። ወንበሩ አልቆ ልጅቷን ብናስቀምጣት ውስጡ ጠፋች፤ እግሯም ተንጠልጥሎ ቀረ። ምራትሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ ያን የመሰለ እንጨት አበላሽቼ ሌላ ከየት አመጣለሁ?

አናጢው መጥቶ ወንበሩን ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ እንዳትነካው፣ ልጅ እኮ ያድጋል አለኝ። ከተረፈው መሳቢያ የጎን መደገፊያና ከፍ ዝቅ የሚል የእግር ማሳረፊያ አብረን ሠራን። ቁመት ስትጨምር ማሳረፊያውን ዝቅ፣ ወገቧ ሲጠና መደገፊያውን ወለቅ ማድረግ ነው። እማዬ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ልጅህ ታድጋለች ያለኝ ሰው አልነበረም። ይህን ሰው በጸሎትሽ አትርሺብኝ።

ሰኞ እኔ ወንበሩን ተሸክሜ፣ ምራትሽ ልጅቷን አዝላ መዋዕለ ሕፃናቱ ወሰድናት። ቀኑን ሙሉ እጄ ሊጥ ላይ፣ ልቤ እዚያ ዋለ። ከሥራ እንደወጣሁ በሩጫ ደረስኩ። ስታየኝ እንደ ልማዷ እጇን ዘርግታ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ! ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ከልጆቹ ጋር ጭቃ ታድቦለብላለች። ቀና ብላ አየችኝና፣ መዳፏን አንሥታ፣ ቆይ አለችኝ። ጨዋታዋን እስክትጨርስ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። እንዲህ ደስ ብሎኝ ሰው ጠብቄ አላውቅም።

ለአባባ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ። እህቴን ከነልጆቿ፣ ያን ቀልደኛ ወንድሜንም ወፍረሃል አሉ ብለሽ ሳሚልኝ። አክስቴንም ናፍቃኛለች በያት። ምራትሽና የልጅ ልጅሽ አገላብጠው ይስሙሻል። ምርቃትሽ አይለየን።

ልጅሽ

ከቤታችን፣ እሑድ ጥር ፲፩ ቀን