የመምህር ጴጥሮስ ማመልከቻ

የካቲት 18 ቀን 2017

ዛሬ መምህር ጴጥሮስን ቀበርነው። ከወላይታ መጥቶ የስንቱን ልጅ ያስተማረ ሰው! ጴንጤ ነውና ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም፤ አገሩ እንዳይሄድ መንገዱ ተዘግቷል። እድራችን ድንኳን ተከለ፣ ሰዉ አለቀሰ፤ መሬት የሚሰጥ ግን ጠፋ። ሚስቱ እኔ የምሠራበት ማዘጋጃ ቤት መጥታ፣

«ጋሼ፣ የት ላድርገው?» አለችኝ።

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አልኳት። አፌ ይቆረጥ።

በመጨረሻ ሐጂ ሰይድ፣ «ሬሳ ደጅ አያድርም» ብለው ከሙስሊሙ መቃብር አጥር ጥግ ሰጡን።

ከቀብር መልስ ቢሮ ገብቼ መሳቢያዬን ከፈትኩ። ጴንጤዎቹ የመቃብር ቦታ የጠየቁበት ማመልከቻ አሁንም እዚያው ነው። ዓመት ሙሉ «ነገ ተመለሱ» እያልኩ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

የጻፈው ጴጥሮስ ነበር። ሲመላለስ የነበረውም እሱው።