የጨው ተረኛ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን
ከወፍጮ ቤቱ

ለልጄ ለቅመሜ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ጉልበቴን ትንሽ ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤና በጨርቅ የታሰረውን ጣሳ የሚያደርስልሽ ሾፌራችን ነው። ለወፍጮው ኩሽኔታ ሊገዛ ወደ አንቺ ከተማ ይወርዳል። ጨጓራ ነው የምንለው። ብትስቂበት ግድ የለውም፣ ራሱም ስልክ ሲያነሳ «ጨጓራ ነኝ» ነው የሚለው። ጣሳው ለምን እንደተነካ ከጠየቅሽው ይዋሽሻል። እኔው ልንገርሽ።

ያልደወልኩልሽ ኔትወርክ ያለው የእህል መጋዘኑ ደረጃ ላይ ብቻ ስለሆነ ነው። እህል ለማስፈጨት የተሰለፈው ሰው ሁሉ ከሥር ሆኖ ይሰማል። አንድ ቀን ደውዬ የገጠመኝን ታነቢዋለሽ።

ስነሳ እናትሽ አራት ጣሳ ስንቅ አስያዘችኝ። ምስሩን ድርቅ አድርጋ ሠርታዋለች፣ ሥጋውን በዘይት ጠብሳዋለች፣ ሁሉም እንደ ወትሮው ነው። እዚህ ያለችው አንዲት ምግብ ቤት ከፓስታ ሌላ አታውቅም፤ ፓስታውም ትናንት የተረፈው ይሁን የዛሬው አይለይም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ሥራ ጨርሰን ጣሳ ስንከፍት ደስ ብሎኝ ነበር። ጎረስኩ። ጨው የለውም።

ጨጓራም ጎርሶ አየኝ።

«ጋሼ፣ ሐኪም ጨው ከልክሎዎታል እንዴ?»

«ማንም የከለከለኝ የለም።»

«እንግዲያው እትዬ አኩርፈዋል።»

«እሷ ካኮረፈች ስንት ዘመኗ! ምግቧ ግን አኩርፎ አያውቅም» አልኩት።

በማግስቱ ሁለተኛውን ከፈትን፤ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው። ከምግብ ቤቷ ጨው ለምኜ ነሰነስኩበት፤ ላዩ ላይ ቀረና እንደ አሸዋ ከጥርሴ ሥር ይንኮሻኮሻል። ውሃ ጨምሬ እንደገና ባፈላው ደግሞ ጨጓራ ማንኪያውን ወረወረና «ጋሼ፣ ባሕር ቀድተው ነው እንዴ ያመጡልን?» አለኝ። መንገድ ላይ ሆኜ የቤት ምግብ ሲናፍቀኝ አዲስ አይደለም፤ ዕድሜዬን በሙሉ ከወፍጮ ወፍጮ ስዞር ነው የኖርኩት። የቤት ምግብ አፌ ውስጥ እያለ ሲናፍቀኝ ግን ምን ልበለው?

መጀመሪያ የመሰለኝ በሽታ ነው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት እናት የበሩን ቁልፍ ዱቄት ውስጥ እየቀበሩ ቀኑን ሙሉ ይፈልጉታል። እንዲህ ነው የሚጀምረው ይላል ልጃቸው። ፈራሁ። እናትሽ ቤት ውስጥ ሌላ የረሳችው ነገር አለ ወይ ብዬ ሳሰላስል ጠረጴዛው ላይ ያለው የጨው ዕቃ ትዝ አለኝ። እኛ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጨው ተቀምጦ ያውቃል? እንግዳ ጨው ከጠየቀ እናትሽ ሳምንቱን ሙሉ አትረሳውም ነበር። ዕቃው መቼ መጣ? አንቺ ከወጣሽ በኋላ ነው። እኔ ዘመናዊ የሆነች መስሎኝ ስነሰንስበት ከርሜያለሁ።

ደረጃው ላይ ወጥቼ ደወልኩላት።

«ስንቁ ጨው የለውም!» ብዬ ጮህኩ። ከሥር የተሰለፈው ሰው ሳቀ።

«ምን አልክ?»

«ጨው ረስተሻል ወይ ነው የምልሽ!»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ?»

«በዚህ ቤት ጨው የማን ሥራ ነው?»

ስልኩን ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው አዛወርኩ። ከሰልፉ አንዷ ሴትዮ «አባባ፣ ይመልሱላት እንጂ!» አለችኝ።

አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ያልገባኝ እኔ ነኝ። እንፋሎት ላይ ቆሞ የዋለ ምላስ ጨው አይለይምና ጨው የሚጨምረው ሌላ እጅ ነው ትሉ ነበር፤ አያትሽም እንደዚያው ነበሩ። በርጩማ ላይ ቆመሽ ጨውን ከመዳፍሽ ስታራግፊ፣ ከዚያ ቀምሰሽ ዓይንሽን ጨፈን ስታደርጊ አያለሁ። እኔ ልጅ ማጫወቻ ይመስለኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት «እጅሽ አይጥፋ» እያልኩ የማመሰግነው እናትሽን ብቻ ነው፤ አንቺ አጠገቧ ቆመሽ።

ከዚያ ወሬዋን ወደ ጣሪያው አዞረችው። ውሃ ያፈሳል፣ ቆርቆሮ ሠሪው ነገ ነገ እያለ ነው። ልሰናበታት ስል፦

«ያ በጨርቅ የታሰረው ጣሳ ያንተ አይደለም» አለች።

«የማን ነው?»

«መኪናችሁ በዚያ በኩል ያልፍ የለም እንዴ?»

«ያልፋል።»

«እንግዲህ» ብላ ዘጋችው።

ስወርድ ጨጓራ ጋቢና ውስጥ ያንኑ ጣሳ ጭኑ ላይ ከፍቶ ተቀምጧል። «ጋሼ፣ የምሥራች! ይሄኛው ጨው አለው!» አለና ወዲያው የውሃ ጠርሙሱን አንስቶ እስከ ታች ጨለጠው። እኔም በጣቴ ቀመስኩት። ምላስ ይሰበስባል። እናትሽ ራሷ ጨምራበታለች፤ እጇ ልኩን ስለማያውቅ አብዝታዋለች።

አሁን እኔ ግራ የገባኝ ይህ ነው። ቦርሳሽን ይዘሽ ከወጣሽ ጀምሮ ስምሽን አንድ ቀን አልጠራችም። በር ላይ ያለችሽን እኔም ሰምቻለሁ፣ አልደግመውም። ሥራሽን ስጠቅስባት ተነስታ ዕቃ ታጥባለች፤ የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። ለእኔ ጨው የሌለው ታበስላለች፣ ስሟን ለማትጠራት ደግሞ ጨው ያለው። ንዴቱ አልፎላት ይሆን? ወይስ የተናደደችው ቦርሳሽን ደረጃውን ባወረድኩት በእኔ ላይ ነው? ወይስ እኔ ምግብ ሲጎድለው ነገር የማበዛ ሽማግሌ ሆኛለሁ? ጨጓራን ብጠይቀው «እኔ የማውቀው ካምቢዮ ነው» አለኝ። ወፍጮ ቢሆን ፈትቼ አየው ነበር።

ጣሳውን አትጣይው። ለጨጓራም አትስጪው፣ ድርሻውን በልቷል። ቅመሽው። ከዚያ ለእኔ አትንገሪኝ፣ ለእሷ ደውዪላት። በይቅርታ አትጀምሪ፤ ሁለታችሁም አትችሉበትም። «ጨው በዝቷል» በያትና ዝም በይ። ትቆጣለች፣ ትቆጣ። ምን ያህል ልጨምር ኖሯል ብላ ከጠየቀችሽ ንገሪያት። ሌላው ሌላ ቀን ይደርሳል።

የላክሽልኝን ካልሲ እያደረግኩት ነው። የምትሠሪበት ክፍል ብርድ አለው ያልሺኝ ተስተካከለ? ካልተስተካከለ ለአለቃሽ ንገሪ፤ እንደ እናትሽ አፍነሽ አትያዢ።

በሄድሽበት ሰው አያሳጣሽ፣ የሠራሽው ይቅናሽ፣ እጅሽ ይባረክ።

አባትሽ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ አለኝ። እናትሽ ስልኳን የምታስቀምጠው ምድጃው አጠገብ ነው። ቶሎ ካላነሳች አትዝጊው፤ እጇን እያደረቀች ነው።