በስሙ ብቻ ማረፊያ ስለሆነው ቤት

ለተከበሩ የፍርድ ቤታችን ፕሬዚዳንት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ለጆሮዎ ደኅንነት እየተመኘሁ፣ መስማት ለተሳነው ጫማ ሰፊ ታናሽ ወንድሜ ስለተደረገለት እንክብካቤ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድኩ።

አንደኛ፣ የተሰረቀ ቆዳ ገዝተሃል ተብሎ በተከሰሰበት ጉዳይ በቀጠሮው ዕለት ከችሎቱ በር አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ችሎት አስከባሪው አናቱ ላይ ቆመው ስሙን ደጋግመው በመጥራት ያሳዩትን ትዕግሥት አደንቃለሁ። እኔ መታወቂያውን ፎቶ ኮፒ ላስደርግ ወጥቼ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ መስሏቸው «ተጠርቶ አልቀረበም» ተባለና፣ ከዚያው ወንበር ላይ ተይዞ፣ ይጠፋል በሚል ዋስትና ተከለከለ። ከተቀመጠበት ሳይነሳ የጠፋ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለተኛ፣ እሱ ላለበት እስር ቤት «ማረፊያ ቤት» የሚል ስም ላወጡት ሊቅ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። መብራት ሲጠፋ ሌሎቹ ያወራሉ፤ ወንድሜ ግን የሚናገረው በእጁ ነውና ጨለማው አፉን ይዘጋዋል። ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ እጆቹ እየተንቀጠቀጡ የሚለኝን መረዳት አቃተኝ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርና፣ ፈርቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ወንድሜ በሱቁ ውስጥ፣ እኔም በአሠሪዎቼ ቤት ስለምናድር ቋሚ አድራሻ የለውም ተብለን፣ የሰፈራችን አናጺ ከሥራ ቦታቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል ፍርድ እስኪሰጥ እንዲያርፍባት አዘጋጁለት። ልጃቸው መስማት የተሳናት ስለሆነች የምልክት ቋንቋ ያውቃሉ፤ የክፍሏ ደወል ሲነካ አምፖል ይበራል፤ በየቀጠሮውም ራሳቸው ሊያቀርቡት ፈርመዋል። ጎረቤቶቻችን «የተከሳሾች ማረፊያ ቤት» ብለው ያስገቡትን ማመልከቻ ጽሕፈት ቤትዎ የመለሰው ስሙ የፖሊስ ነው በማለት ነበር። ስሙን ብንቀይረው ደግሞ ተከሳሽ ከማረፊያ ቤት ውጭ አይቀመጥም ተባልን። ምክንያቱ ውሃ አይቋጥርም የሚሉ ሰዎችን አጥብቄ ተቃውሜያለሁ፤ በዚህ አያያዙ ጠብታም አያመልጠውም።

አራተኛው ቅሬታዬ አስተርጓሚ ባለመገኘቱ ለሌላ ቀጠሮ ተላልፏል።

የችሎትዎን ግርማ ከደጅ ሆና የምታደንቅ፣ በሐሙሱ ቀጠሮ ወንድሟን ወደ አናጺው ቤት ይዛ ለመሄድ ፈቃድዎን የምትለምን ትሑት አመልካችዎ፣
የጫማ ሰፊው ታላቅ እህት

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ስሙ ሲጠራ በእሱ ፋንታ «አቤት» የምለው እኔ ነኝ። ችሎት መድፈር ነው ከተባለ ከጎኑ ያስገቡኝ፤ ቢያንስ መብራት ሲጠፋ መዳፉ ላይ በጣቷ የምትጽፍለት ሰው ያገኛል።