አርባ ሰባት ሰከንድ

እሑድ፣ መስከረም 18

መስቀል አለፈ። ሱቅ የከፈትኩት አርፍጄ ነው። ከደሴ ያመጣኋቸውን ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ዛሬ ገጠምኳቸው። መብራት እስከ አሥር ሰዓት ቆየ... ተመስገን።

ኮምፒውተሩ ላይ ኢኳላይዘሩን ከፍቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጎለትኩ። አሥር ዘንግ አለው። በግራ ያሉት ወፍራሙን ድምፅ ይይዛሉ፣ ከበሮውንና ቤዙን። መሃል ያሉት የሰው ድምፅ ናቸው። በቀኝ ያሉት ቀጫጭኑን፣ ፉጨት ፉጨት የሚለውን። የግራዎቹን እስከ ጣሪያ ሰቀልኳቸው፣ መሃሉን ዝቅ አደረግኩት። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ጎረምሶቹ በር ላይ ቆመው ሲወዛወዙ ዋሉ። "ይሄነው፣ እንዲህ ነው እንጂ!"

ባለቤቴ የኔአለም ምሳ ይዛልኝ መጣች። ጆሮዋን ይዛ በር ላይ ቆመች።

"ዘፋኙ ምን እንደሚል ለአንተ ይሰማሃል?"

ማን ለቃሉ ብሎ ይሰማል? አልኳት። ሳቀች።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

ትናንት ቀኑን ሙሉ መብራት ስላልነበረ ዛሬ የሁለት ቀን ሰው መጣብኝ። ዘፈን የሚያስጭን፣ መንዙማ የሚያስጭን፣ ማመልከቻ የሚያስጽፍ... ወገቤ ተቆረጠ።

ከቤታችን ጀርባ ያሉት እትዬ ኡምኩልሱም መጡ። ልጃቸው ሀዲያ አረብ አገር ሰው ቤት ከገባች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ትናንት በኢሞ ድምፅ ልካለች። "ምን እንዳለች አልሰማ አለኝ ልጄ፤ አንተ ዘንድ መሣሪያ አለ" አሉኝ።

ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬ ከፈትኩት። አርባ ሰባት ሰከንድ። ጉርርር የሚል ነገር ብቻ። በአዲሱ ስፒከር ደግሞ ሱቁን አናጋው። ሰዉ ሳቀ። እኔም ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል።

"ተበላሽቷል እትዬ። መልሳ ትላክ በሏት።"

"ስልኳ አይነሳም እኮ።"

"እንግዲያው ቆየት ብለው ይሞክሯት።"

"እሺ፣ አላህ ይስጥህ" ብለው ወጡ። ሰባት ሰው ይጠብቀኝ ነበር።

ሰኞ፣ መስከረም 26

መብራት የለም። ኔትወርክ የለም። ቁጭ ብዬ ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሀዲያ ሞታለች።

ከፎቅ ወደቀች ነው የሚሉት። ባለፈው ሐሙስ፣ መስከረም 29። እዚያው ቀብረናታል ብለው ለእናቷ በስልክ ነገሯቸው። በስልክ! ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ልትሄድ በተነሳች ሰሞን እኔ ዘንድ መጥታ መንዙማ አስጭናለች። "ብዙ አድርግልኝ ይሄነው፣ መንገዱ ረጅም ነው" ስትለኝ ትዝ ይለኛል።

ሱቁን ዘግቼ ድንኳን ሲተከል አገዝኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ለቅሶ ቤት ዋልኩ። ሰው ከከላላ ድረስ መጥቷል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። እትዬ ኡምኩልሱም አያለቅሱም። ደርቀዋል። ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

"ያቺ ያመጣሁልህ ድምፅ... የመጨረሻዋ ናት።"

ምን ይባላል?

"ቃሉ ቢቀር ግዴለም። ድምጿን ብቻ ለይተህ አውጣልኝ። አንዴ 'እማ' ትበለኝ።"

እሞክራለሁ አልኩ። እጄን እስኪለቁኝ ድረስ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ፋይሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳለ ነው። አልከፈትኩትም። ለምን? ጊዜ አጥቼ አይደለም። ዛሬ ሱቁ ባዶ ነበር የዋለው።

ፈራሁ መሰለኝ... ምኑን?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ጠዋት መብራት መጣ። የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ እንደ ልማዴ ዘንጎቹን በሙሉ ወደ ላይ። ድምፁ ተቀደደ። ይባስ አለ። ብጨምር ብጨምር ጉርርርታው አብሮ ይጨምራል። ታዲያ ለምን አልቀንስም? አልኩ። የግራዎቹን አንድ በአንድ እስከ ታች አወረድኳቸው። ጉርርርታው ሄደ። የቀኝ ጫፎቹንም አወረድኩ፤ ፉጨቱ ሄደ። ከመሃሎቹ ሁለቱን ብቻ በትንሹ ከፍ አደረግኩ።

ሰው አለ ውስጡ።

በሹክሹክታ ነው። ጉርርርታው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ... አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት ማሽኑ ሥር ሆና ነው የተናገረችው። እኛን ያሳቀን እሱ ነው፣ መደበቂያዋ።

አሥር ጊዜ መላልሼ ሰማሁት። እንዲህ ትላለች፦

"እማ፣ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ... አይ፣ ደህና አይደለሁም። ሰውየው... እማ፣ እሱን አልነግርሽም። ስልኬን ሊቀሙኝ ነው። ሐሙስ ወደ ሌላ ከተማ ይዘውኝ ይሄዳሉ፣ እዚያ የማውቀው ሰው የለም። ጀብሪል ይሄን ቤት ያውቀዋል። ከሐሙስ በፊት ይምጣ በይው። ቆሻሻ ስደፋ በጓሮ እወጣለሁ። ዛሬውኑ ደውይለት እማ። ይቅርታ እማ፣ አፉ በይኝ።"

ጀብሪል የአክስቷ ልጅ ነው። እዚያው ከተማ ጋራዥ ይሠራል።

ሰኞ ላከች። ማክሰኞ አመጡልኝ። እስከ ሐሙስ፣ መስከረም 22፣ ሁለት ቀን ነበረ።

ዛሬ ቃሉን ለማውጣት የፈጀብኝ... ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ለየኔአለም ነገርኳት።

"አሁን ቢሰሙት ምን ያደርግላቸዋል? ልጅቱ አትመለስ።"

እውነቷን ነው፣ አልኩ። እውነቷን ነው? ወይስ ልሰማው የፈለግኩትን ስላለችልኝ ነው?

ከሰዓት ተቀምጬ ቆረጥኩት። "እማ፣ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ።" እዚያ ላይ። ከ"አይ" በፊት። ስድስት ሰከንድ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ወስጄ ሰጠኋቸው። ስልካቸው ላይ ጭኜ ከፈትኩላቸው። አሁን አለቀሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ስልኩን ሳሙት፣ ከዚያ የእኔን ግንባር ሳሙኝ።

"ደህና ነኝ አለች! ሰማችሁ? ልጄ ደህና ነበረች!"

ቤት ያለው ሰው ሁሉ መረቀኝ። "አላህ ዘርህን ይባርከው" አሉኝ። አሚን አልኩ። አሚን የማለት አፍ ከየት አገኘሁ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

እትዬ ኡምኩልሱም ገበያ ላይ እንኳ ሳይቀር ያንን ድምፅ ለሰው ያሰማሉ አሉ። ዛሬ ሁለት ሴቶች ከአቀስታ በኩል ስልክ ይዘውልኝ መጡ። አንዷ የወንድሟን፣ አንዷ የልጇን። "የሞተ ሰው ድምፅ የሚያወጣው አንተ ነህ?" አሉኝ።

ሠራሁላቸው። እስከ መጨረሻው ነው ያዳመጥኩት። ምንም የለም፣ ሰላምታ ብቻ። ሲወጡ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ጀብሪል መጣ። የዚያ አገር ፖሊሶች ይዘው አስረው መልሰውት ነው። አንድ ጥቁር ላስቲክ ብቻ አንጠልጥሎ ከሚኒባስ ሲወርድ አየሁት። ከስቷል።

ቤታቸው ቢሄድ እትዬ ኡምኩልሱም አላስገቡትም። "አንድ ከተማ ሆነህ እህትህን አላየሃትም። ሂድ ከፊቴ" አሉት። የኔአለም ናት የሰማችው፣ በጓሮ በኩል። እናቱና አባቱ የሉም፤ አክስቱ ናቸው ያሳደጉት። ወዴት ይሂድ?

እሱን ማንም አልጠራውም። ሊጠራው የነበረው ድምፅ እኔ ዘንድ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ጀብሪል ሱቅ መጣ። ሰው እስኪወጣ ጥግ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

"ዋናው ድምፅ አክስቴ ስልክ ላይ አለ፤ አርባ ሰባት ሰከንድ ነው። አንተ የሰጠሃት ስድስት። ሌላው የታለ?"

አይሰማም፣ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በፊት እሱ ተናገረ።

"ሄጄ ነበር እኮ። ስልኳ አልነሳ ሲለኝ ጊዜ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ ዓርብ ሄድኩ። ቤቱ ተቆልፏል። ትናንት ሄዱ አለኝ ጎረቤት። ማንም አያምነኝም።"

ዓርብ። መስከረም 23። በአንድ ቀን አመለጠችው።

የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠሁትና ከፈትኩለት። "ከሐሙስ በፊት" የምትለው ላይ ሲደርስ አወቅኩት፣ ዓይኑን ጨፈነ። እስከ መጨረሻው ሰማው። አንዴ ደገመው።

"መቼ ሰማኸው?"

"ጥቅምት 14።"

"መቼ አመጣችልህ?"

"መስከረም 20።"

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ማዳመጫውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ለሷ አንተ ትነግራታለህ" አለኝ። "እኔ አይደለሁም።"

እሑድ፣ ኅዳር 28

ሼህ አሕመድኑርን ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው። "ላ ኢላሃ ኢለላህ..." ብቻ አሉ። ጀብሪል በር ላይ ቀረ።

እንዲህ አልኩ፤ አሁን ስጽፈው ያጠረ ይመስላል እንጂ እዚያ ምላሴ አልላወስ ብሎኝ ነበር፦ "እትዬ፣ መጀመሪያ ቀን በደንብ ሳላዳምጥ ነው የመለስኩዎት። በኋላ ሰማሁት። ሰምቼም ቆርጬ ነው የሰጠሁዎት።" ከዚያ ሙሉውን ከፈትኩት።

"አይ፣ ደህና አይደለሁም" ስትል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። እስኪያልቅ አላነሱትም። "አፉ በይኝ" ስትል ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

ከዚያ ወደ በሩ፦

"ጀብሪል። ና ግባ።"

ገባ። እግራቸው ሥር ሊወድቅ ሲል ብብቱን ይዘው አነሱት። "አፉ በለኝ ልጄ፣ አፉ በለኝ" አሉት። ተቃቅፈው ተንሰቀሰቁ። እኔ የት እንደማይ አጣሁ።

ሼህ አሕመድኑር ትንሽ ቆይተው፣ "ኡምኩልሱም፣ ይሄነውም ራሱ መጥቶ ነው የነገረሽ። ለአላህ ብለሽ..." ሲሉ እትዬ አቋረጧቸው። እኔን እያዩ ነው የተናገሩት፣ ሳይቆጡ።

"የመጀመሪያውን ቀንስ ሥራ በዝቶብህ ነው። ሰው ነህ፣ ያጋጥማል። ኋላ ግን እያወቅህ ቆረጥከው። ልጄ ደህና ነኝ አለች እያልኩ አገር ለአገር ስዞር ዝም ብለህ አየኸኝ። ይሄን የእህቴን ልጅ ከደጄ ሳባርረው ዝም ብለህ አየኸኝ።"

"ሼህዬ፣ አሁን አፉ ብዬዋለሁ ብል አፌ ነው የሚለው። ልቤ ያለ ቀን እነግርዎታለሁ።"

ሼሁ አልተጫኗቸውም። ዱዓ አድርገው ተነሣን።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

እትዬ ኡምኩልሱምና ጀብሪል ድምፁን ይዘው አሠሪዎቿን ለመክሰስ ደሴ ሄደው ነበር። ዛሬ ተመለሱ። "ከውጭ አገር መልስ ሲመጣ እንጠራችኋለን" ተብለዋል አሉ። መቼ ነው የሚመጣው? ለምስክርነት ከተፈለግኩ እመጣለሁ ብዬ በየኔአለም ላክሁ። ሰምተናል ብለዋል። ሌላ ነገር አላሉም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

የኔአለም "እኔ ነኝ ያሳሳትኩህ" ብላ አለቀሰች። አይደለሽም አልኳት። መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሷ አንድ ቃል ብትልም እኔ ቀድሜ የወሰንኩት ነገር ነው።

ዓርብ፣ ጥር 8

የሠርግ ሰሞን ደረሰ። ሰው ስፒከሩን ይከራያል፣ ቤዙ ይጨመር ይላል። እጨምራለሁ። የግራዎቹ ዘንጎች ተመልሰው ጣሪያ ላይ ናቸው። ምን ላድርግ? የምኖረው በዚሁ ነው።

እትዬ ኡምኩልሱም ወደ ገበያ ሲያልፉ ግን አጠፋለሁ። ከሩቅ ሳያቸው ጸጥ፤ ጥጉን ሲዞሩ እከፍታለሁ። ወር ከምናምን እንዲህ ስናደርግ ቆየን። እሳቸው ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ።

ዛሬ ቆሙ። ዘንቢላቸውን ይዘው፣ በሩ ላይ። ብድግ አልኩ።

"እንዴት አደሩ እትዬ።"

"አልሐምዱሊላህ።"

ወደ ስፒከሩ አዩና፦

"ለእኔ ብለህ አትዝጋው። ቢከፈትም ቢዘጋም እኔ የምሰማው ሌላ ነው።"

መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጥጉ ላይ ጀብሪል ይጠብቃቸው ነበር፤ ዘንቢሉን ተቀበላቸው።

ከፈትኩት። ምን ዘፈን እንደነበር አላውቅም።