ስልኩ የዋጣት አዎ

ውድ ይስማው፣

ከማፈሪያው ልጀምር፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔው ብትሰማው ይሻላል። ትናንት ከሰዓት በኋላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ስልኬን አፌ ሥር ደቅኜ፣ ከውኃ እንደ ወጣ ዓሣ አየር ስስብ ጎረቤቴ ሉጥፊያ ደረሰችብኝ። "ማሊክ ያ ስንግነሽ?" አለች። ምን ሆንሽ ማለቷ ነው፤ ስሜ ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤት ሆነን እንኳ አልቃና አላት። ደህና ነኝ ልላት ብል ገና ትንፋሼን አልመለስኩም ነበርና ባሰብኝ። አስም ነው ብላ ደመደመች። ጣሳ ሙሉ ውኃ አናቴ ላይ ቸለሰችብኝ፤ ያውም ከራሴ ጀሪካን፣ ያውም ቧንቧው በደረቀበት ሳምንት። እሱም አልበቃት፣ ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ጠራች። ሾፌሩ ደጄ ላይ ጥሩምባውን ያንጫርራል፤ እኔ ውኃ እያንጠባጠብኩ፣ ታምሜ አይደለም፣ አዎ እያልኩ ነው፣ እያልኩ በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛዬ እምላለሁ።

"ለማን ነው አዎ የምትዪው?" አለችኝ፣ ባዶውን ክፍል እያየች።

ላንተ ነበር፣ ይስማው።

የዚህ ገጽ ደንበኞች ዛሬ በትከሻዬ ላይ እያጮለቁ ያነባሉ። ምን ላድርግ፣ ስልክህ ከተዘጋ ሰነበተ። አንተ ግን መጽሔት ከኋላ ጀምረህ እንደምታነብ አውቃለሁ፤ የእኔ ገጽ ደግሞ እዚያው ኋላ ነው። እንግዲህ የምታውቀውን ነገር ደግሜ ስነግርህ ካየህ፣ ለእነሱ ብዬ ነውና ታገሠኝ።

ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ ያለው ወርክሾፕህ ትዝ ይለኛል። ከተጣሉ ፎቶ ኮፒ ማሽኖች ሞተር ፈትተህ፣ ያን ፕላስቲክ እያቀለጠ ዕቃ የሚያትም ስሪ ዲ ፕሪንተር ሠራህ። ከዚያ እኛ ሠፈር፣ ዴም መጣህና እንደ ሠርግ ፎቶ አንሺ ስልክህን ይዘህ እያንዳንዳችንን ዞርከን። ምን ሊያደርግ ነው ብለን ስናማህ ሰነበትን። ስትመለስ አውራ ጣት የሚያህሉ የጦርነት ጨዋታ ወታደሮች ይዘህ መጣህ፤ ፊታቸው የእኛው ፊት። ልብስ ሰፊው ደመቀ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ መድፈኛ ሆነ። ራሔል አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ባንዲራ ያዘች፤ ያን ዕለት እኔ እንዲህ እቆማለሁ እንዴ ብላ ያኮረፈችህን አልረሳሁም። ራስህን ግን በእኔ ጦር ውስጥ፣ እኔን ባንተ ጦር ውስጥ አደረግከን። ለምን ብልህ፣ "ሰው ራሱን ማዘዝ አይችልም፣ ስንቄ፤ ሌላ ሰው ሲያዘው ነው የሚያምርበት" አልከኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ከዚያ እውነተኛው ጦርነት መጣ። ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም፤ ሁላችንም ደክሞናል። አንተ ወደ ገዳሪፍ ስትወጣ የወታደሮቹን ሳጥን በአደራ ሰጠኸኝ። እኔም ይዤው ተሰደድኩ፣ ይዤው ተመለስኩ። መንገድ ላይ አንድ ኬላ ጠባቂ ሳጥኑን አስከፍቶ እነ ደመቀን በጣቱ አገላበጠና "እነዚህ የማን ወገን ናቸው?" አለኝ፣ ፊቱን ሳይፈታ። "የዴም ናቸው" አልኩት። ሳቀ። እግዜር ይስጠው፣ አሳለፈኝ።

ወርክሾፕህን ለማየት ድልድዩን ተሻግሬ ሄጄ ነበር። ፕሪንተሩ የለም፣ መደርደሪያው የለም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው እንኳ ከግድግዳው ተመዟል። በሩ ብቻ ወድቆ ቀርቷል። በአህያ ካሮ አስጭኜ አመጣሁትና በሁለት በርሜል ላይ አጋደምኩት። አሁን የምንጫወትበት ጠረጴዛ እሱ ነው። መሐሉ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ዘረጋሁ፣ ወንዝ ሆነ፤ ከሰርዲን ቆርቆሮ ድልድይ ቀጠቀጥኩለት። ሉጥፊያ አይታ፣ ጦርነት አልበቃሽም ወይ አለችኝ። በቃኝ እኮ። ግን እዚህ በር ላይ የወደቀ ሰው መንገድ ላይ አያድርም፤ ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉንም አንሥቼ፣ አቧራቸውን አራግፌ ሳጥናቸው ውስጥ አስተኛቸዋለሁ። ይህን ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ እሷም ስታልፍ የወደቀ ካየች ታቆማለች፤ ጨዋታችንን ያበላሸችብን ጊዜ ብዙ ነው።

ስልኩን ከጣሪያው በሽቦ አንጠልጥዬ፣ ካሜራው ጠረጴዛ የሆነውን በር ብቻ እንዲያይ አደረግኩ። ከታች ካለው ሱቅ የሳተላይት ኢንተርኔት ይመጣል፣ አንተ ከገዳሪፍ ታዛለህ፣ እኔ አንቀሳቅሳለሁ። መድፉ የት ድረስ እንደሚመታ ስልኬ ላይ ያስጫንከኝ አፕ ይለካል። ዘህሩንም፣ ባለ ነጥቡን ዳይስ፣ አፑ ይጥላል፤ የእኔን እጅ አላምንም አልክ፣ አንተ ወስላታ። ጭቅጭቅ ቢነሣ ብለህም ጨዋታውን ሁሉ እንዲቀዳ አደረግከው። የመጀመሪያው ቀን አፑ መድፍ ሲተኩስ በእውነተኛ ድምፅ ጮኸና ሉጥፊያ ልጆቿን አቅፋ አልጋ ሥር ገባች። ያን ቀን ሁለታችንም አፈርን። ድምፁን አጠፋነው፣ አልመለስነውም።

ከቤቴ አጠገብ ያለው የወፍጮ ቤት ጄኔሬተር ግን አላስደምጥ አለህ። የስልኩን የጫጫታ ማጣሪያ አብሪው አልከኝ፣ አበራሁት። "ኸላስ፣ በቃ፣ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ጠራሽ" ብለህ አሞገስከኝ። ልብ በል፤ ከዚያ ወዲህ ነው "አለሽ?" ማለት ያበዛኸው። "ዝምታ አበዛሽ እኮ" ትለኝ ነበር። እኔ ኔትወርኩ ነው እላለሁ። ሲደክመኝ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ቃል አላወጣም። ውኃ ስቀዳ ውዬ፣ ወረፋ ቆሜ ውዬ፣ እንደ እናቴ፣ እንደ አገሬ ሰው ሁሉ፣ ትንፋሼን ሳብ አድርጌ አዎ ማለት ይቀናኛል።

መጨረሻ በተጫወትንበት ዓርብ የእኔ ጦር ተሸንፎ ነበር። አንተ ግን የእኔን ተራ ቀምተህ፣ "ይስማውን ድልድዩ ላይ አቁሚው" አልከኝ። ያ ትንሹ አንተ፣ መፍቻ በኪሱ የሻጠው። አቆምኩት። ጉሮሮህን ጠረግህ።

"ይሄ ሰውዬ ገዳሪፍ ሰልችቶታል። ድልድዩን ቢሻገር ቤትሽ ታስገቢዋለሽ? ለአንድ ቀን አይደለም የምልሽ።"

ይስማው፣ አዎ አልኩህ። ትንፋሼን ሳብ አድርጌ፣ ዓይኔ እንባ እስኪሞላ ድረስ። አንተ ግን ጠበቅክ፣ ጠበቅክና "እሺ" አልክ። "ወደ ኋላ መልሽው። ተራሽ ነው።"

በገዛ እጄ መለስኩህ። የጨዋታው ደንብ መስሎኝ! አፍሮ ነው፣ ሽማግሌ መሆን ጀምሮ ዛሬም እንደ ጎረምሳ ያፍራል፣ ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ። በማግስቱ ግድግዳው ላይ ለኮትህ ሚስማር መታሁ። አጎበሩን አጠብኩ። ለሉጥፊያ እንግዳ አለብኝ ብዬ ነግሬያት የእሷን ትልቁን ድስት ሳይቀር ተዋስኩ። ጠበቅኩህ። አንተ ደግሞ መደወል ተውክ።

ወሬውን በስልክ ያመጣችልኝ ሬሕማ ናት፤ ድሮ እዚሁ ከተማ ሪያድ ሠፈር ቪላ ውስጥ የምትሠራው የወሎዋ ሬሕማ፣ አሁን እዚያው አንተ ሠፈር ምግብ የምትሸጠው። ለጁባ መኪና እየፈለግክ መሆኑን ነገረችኝ፤ ሐሙስ ካልሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ትሄዳለህ አለች። ከዚያ ስድቡን አወረደችው።

"አንቺ ሴት፣ ልብሽ ድንጋይ ነው? ‹ጠየቅኳት፣ ዝም አለችኝ፣ ከዚህ በላይ ምን ትበለኝ› አለ እኮ። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም።"

አዎ ብየዋለሁ ብዬ ጮህኩባት። ስልኩን ዘጋሁ። ተናድጄ ላሳፍርህ ፈልጌ ያን ዓርብ የተቀዳውን ጨዋታ ከፈትኩ። በሩ ይታያል። ድልድዩ ይታያል። ጥያቄህ ይሰማል፣ ጥርት ብሎ። ከዚያ ምንም። ጄኔሬተሩም የለም፣ እኔም የለሁም። ጸጥታ ብቻ፣ ረጅም። ከዚያ "እሺ" የምትለው አንተ። ከዚያ የእኔ እጅ ገብቶ ሰውዬውን ሲያነሣው።

ደጋግሜ አየሁት። ትናንት ሉጥፊያ ያገኘችኝ ይህንኑ ስፈትን ነው። ማጣሪያው በርቶ ትንፋሼን ሳብኩ፣ ቀዳሁት፤ የለም። አጥፍቼ ሳብኩ፤ አለች፣ ከወፍጮው ጩኸት መሐል። አየህ፣ ማሽኑ ጫጫታ ናት ብሎ ነው የዋጣት። ያን ነገር የሠራው ሰው አዎ ሁልጊዜ ከአፍ ወደ ውጭ የምትወጣ ይመስለዋል፤ ወደ ውስጥ የምትገባ አዎ እንዳለች ማን ይንገረው። ያን ሁሉ ጨዋታ አዎ ስልህ ከርሜ፣ አንተ ዘንድ አንዷም አልደረሰችም።

አላስጨንቅህም፣ ወንድሜ ብዬ ልጥራህ ብል ደግሞ ቃሉ አይሆንልኝም። ምናልባት ዝምታዬ ገላግሎህ ይሆናል። ምናልባት ጁባ ይሻልሃል፤ እዚህ ያለው ነገር አቧራ፣ የተሸነቆረ ጣሪያና አንዲት የደከማት ሴት ነው። መብራት አልፎ አልፎ ይመጣል። ፕሪንተርህን ልመልስልህ አልችልም። ከሄድክ በደህና ግባ፣ ሳጥኑንም አደራህን ለምትልከው ሰው አስረክባለሁ። ግን ያልሰማኸውን ሳትሰማ እንዳትሄድ ብዬ ነው። ይኸውልህ፣ ማንም ማጣሪያ በማይደርስበት ቦታ ጻፍኩት፦ አዎ።

ሰውዬውን ድልድዩ ላይ አቁሜዋለሁ። ለሉጥፊያ እንዳትነኪው ብያታለሁ፤ እሷም ሥሩን ስትወለውል ዙሪያውን ትዞራለች። ተራው ያንተ ነው። ሐሙስ የገዳሪፍ አውቶቡስ ሲገባ እዚያ እቆማለሁ፤ ሚስማሩ ባዶውን ይቅር ወይም ኮትህ ይሰቀልበት፣ በትከሻዬ ላይ ለሚያነቡት ሰዎች አልዋሽም፣ እንዳየሁት እነግራቸዋለሁ።

ስንቅነሽ፣ ከዴም