ካርታው ላይ ያለው ውሃ

ጂንካ፣ መጋቢት 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለየአብሥራ ወልደ ጊዮርጊስ
ናይሮቢ

የአብሥራዬ፣ ሰላምሽ ይብዛልኝ። ጤናሽስ? እንቅልፍሽስ? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከስልኩ ወዲያ ስትስዪ እየሰማሁ ልሳቀቅ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ጉልበቴ ያው የምታውቂው ነው፣ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ዝናቡ ጀምሯል፤ ከገበያው እስከ ቤታችን ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ ጫማ ያስወልቃል። ጾሙም እየተገባደደ ነው። ጎረቤታችን አስቻለች በየሁለት ቀኑ ሽሮ ታመጣልኛለች። ጨው ታበዛበታለች፣ ግን የሰው ደግነት በጨው አይለካምና ዝም ብዬ እበላለሁ።

ይህን በእጄ የምጽፈው ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ ከሆነ መሃል ላይ ድምፅሽን ስሰማ ወሬ እለውጣለሁ፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም ስለ ሽሮ አውርቼ ዘጋሁ። አሁን ጽፌ ስጨርስ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው ሳምንት «አባዬ፣ የካርታ ወዳጆችህ ወልዴ የት ጠፋ እያሉኝ ነው፤ አኮረፍክ እንዴ?» ብለሽኛል። አላኮረፍኩም። በማን አኮርፋለሁ? ከእነሱ የተሻለ ሰው በስተርጅና አላገኘሁም።

እናትሽ ባረፈች በዓመቱ ላፕቶፑን ልከሽልኝ፣ በስልክ እየመራሽ እዚያ በኢንተርኔት ካርታ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር ውስጥ ስታስገቢኝ፣ በልቤ «ይህች ልጅ ለአባቷ መጫወቻ አገኘች» ብዬ ነበር። ከዚያ መጀመሪያ ያሰመርኳትን መንገድ አስታውሳለሁ፤ ከጂንካ ገዘር። ሃያ ሰባት ዓመት የወባ መከላከያ መኪና ስነዳ፣ ሰዉ ሁሉ «ወልዴ ወባ» ሲለኝ፣ ስንቴ እንደተመላለስኩባት እግዜር ነው የሚያውቀው። በማግስቱ ከማላውቀው አገር የማላውቀው ሰው «ይህ መንገድ አልነበረንም፤ እናመሰግናለን» ብሎ ጻፈልኝ። መንገዱማ ከእኔም ከእሱም በፊት ነበረ። ግን ልዋሽሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ጡረታ የወጣ ሹፌርን ማን ያመሰግነዋል? ቀበሌ እንኳ መታወቂያ ላሳድስ ስሄድ ወረፋ ያስይዙኛል እንጂ ቀና ብለው አያዩኝም።

ኤሊ የምትባለዋን ታውቂያታለሽ። ጡረታ የወጣች ፖስተኛ ናት፣ አገሯ ግማሽ ዓመት በረዶ ነው። ስሟን መጀመሪያ ስሰማ በሳቅ ሞቼ ነበር፤ ደግሞ እንደ ስሟ ዝግ ያለች፣ ታጋሽ። አንዴ መንገድ በሰው ቤት መሃል አሳልፌ ሳሰምር «ወልዴ፣ ባለቤቶቹ በሩን የሚከፍቱልህ ይመስልሃል?» ብላ አረመችኝ። ስልኩ እየተረጎመልኝ ከእሷ ጋር ብዙ ቀን አሳልፈናል። ቀስ በቀስ በሃናና በካንጋተን ከተሞች በኩል ያለውን፣ በጭንቅላቴ የነበረውን መንገድ ሁሉ አወጣሁት።

አንድ ቀን ኤሊ «በዚህ ሁሉ ቆላ ሰዉ ውሃ ከየት ይጠጣል? አንድም ምልክት አይታየኝም» አለችኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ሲጠይቁኝ ጊዜ አልሰጥም። በአንድ ሳምንት አርባ አንድ ቦታ ላይ ምልክት አደረግሁ። አርባ አንዱንም በቃሌ። ሁሉም አጨበጨቡልኝ፤ አንቺም «አባቴ ጀግና» ብለሽ ጻፍሽ።

ልጄ፣ ለሹፌር ውሃ ማለት ራዲያተር የሞላበት ቦታ ነው። ጥፋቴ ይኸው ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሞተሩ ሲግል አቆማለሁ፣ ኮፈኑን ከፍቼ ጥላ ፈልጌ እቀመጣለሁ፣ የመንደሩ ሴቶች ጀሪካኑን ሞልተው ያመጡልኛል፤ እሞላለሁ፣ እሄዳለሁ። በእኔ ልብ እዚያ ቦታ ውሃ አለ። ውሃው ከየት እንደወጣ አንድም ቀን ወርጄ አላየሁም። የደረቀ ወንዝ አሸዋ ውስጥ በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጎርፍ በመጣ ቁጥር እንደሚደፈን፣ በጋው በገፋ ቁጥር እየጠለቀ እንደሚሄድም ሰምቻለሁ። መስማትና መውረድ ግን ለየቅል ነው። ካርታው ላይ «ጉድጓድ» የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ተጫንኩ። በየዓመቱ ማን ይቆፍረዋል ብሎ የሚጠይቅ ቦታ የለውም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ከአርባ አንዱ ሦስቱ ካንጋተንን አልፎ ባለው ደረቅ ወንዝ ላይ ናቸው፣ በነሎቲያንግ መንደር። ሎቲያንግን ስሙን ሳነሳ ትሰሚ ነበር፤ መኪናዬ አሸዋ ሲይዛት ሰው ሰብስቦ የሚያወጣኝ እሱ ነው። ሴት ልጁ ናኪሩ በአንቺ ዕድሜ ናት፣ ቢበልጥ አንድ ዓመት። ልጅ ሆና ጀሪካኔን የምትሞላልኝ እሷ ነበረች፤ ባዶ ሃይላንድ ስሰጣት እየዘለለች ትሄዳለች። ስንት ጊዜ አንቺን በዓይነ ኅሊናዬ አጠገቧ አቁሜ ቁመታችሁን ለክቻለሁ። በኋላ አግብታ ሁለት ወለደች።

አሁን የምነግርሽን ቶሎ ልንገርሽ። ናኪሩ ሞተች። የካቲት 8 ቀን ጠዋት ጉድጓዱ ውስጥ ሳለች አሸዋው ተደርምሶባት ሞተች።

የነገረኝ አሌክስ ነው፤ ድሮ ከእኔ ጋር የወባ መድኃኒት ሲረጭ የነበረው፣ አሁን ካንጋተን ወረዳ ቢሮ የሚሠራው። ደውሎ «ጋሽ ወልዴ፣ የሎቲያንግ ልጅ...» አለና ቆመ። በማግስቱ በአይሱዙ ተሳፍሬ ወረድኩ፤ ቱርሚ አድሬ በሁለተኛው ቀን ገባሁ።

እኔ እንደ ወጋችን ከሩቅ ጀምሬ ጮክ ብዬ እያለቀስኩ ገባሁ። እነሱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዝም ብለው አዩኝ። አፈርኩና ዝም አልኩ። ከዚያ አሌክስ ቦታውን አሳየኝ። የአብሥራዬ፣ ሴቶቹ ከላይ እስከ ታች ተደራርበው፣ አንዷ ለአንዷ ዕቃውን እያቀበሉ ነው የሚያወጡት። አምስት ሰው ይተላለፍበታል። የመጨረሻዋ ታች ሆና አሸዋው ውሃ እስኪያነባ ትጠብቃለች። የመጨረሻዋ ናኪሩ ነበረች። በእጃቸው ቆፍረው እስኪያወጧት ረፍዶ ነበር። ያንን ውሃ ነው ሃያ ሰባት ዓመት ራዲያተር ውስጥ ስደፋ የኖርኩት።

«ኅዳር ላይ የእርዳታ ድርጅት የመቆፈሪያ ማሽን መጥቶ ነበር» አለኝ አሌክስ። «ወዲያ ማዶ ላሉት ሁለት መንደሮች ቆፍሮ ሄደ። እነዚህን አለፋቸው።»

«ለምን?»

«ዝርዝር አለ ጋሼ። በዝርዝሩ እነዚህ ውሃ አላቸው።» ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። የመንደሯ ስም አለ። ከጎኑ «ነባር የውሃ ጉድጓድ፦ 3» ይላል። ከዚያ ቀጥሎ «ቅድሚያ አይሰጥም»። መረጃው ከየት እንደተገኘም ተጽፏል፤ የእኛ ካርታ ነው።

ወረቀቱን ይዤ ሎቲያንግ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሱ አማርኛ የሚናገረው ለእኔና ለመንግሥት ብቻ ነው።

«ወልዴ፣ ወረቀት ላይ ውሃ አለ አሉ» አለኝ። «የቱ ጋ ነው? አንተ አሳየን፣ ሄደን እንጠጣ።»

ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ወረቀት ማን ጻፈ?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ይመታኛል ብዬ ነበር፣ ቢመታኝም ይሻለኝ ነበር። የናኪሩ ትንሹ ልጅ ጉልበቱ ላይ ተኝቷል፣ በእጁ ዝንብ ያባርርለታል። ከዚያ «አንተ ከጻፍክ፣ አንተ ሰርዝ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። እሺ አልኩት። በጊዮርጊስ ስም ምዬ እሺ አልኩት።

ጂንካ እንደተመለስኩ ልብሴን ሳልቀይር ላፕቶፑን ከፈትኩና አርባ አንዱንም አጠፋሁ። እያንዳንዱን ስነካ ምስማር የምነቅል ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ ብከፍተው ሁሉም ተመልሰዋል። አንድ ደግ ሰው «ወዳጃችን ወልዴ፣ በስህተት የነካሃቸው መስሎን ሁሉንም መልሰንልሃል፤ ስለ ድካምህ እናመሰግናለን» ብሎ ጽፎልኛል። ከአበባ ሥዕል ጋር። ዳግመኛ አጠፋሁ፣ ዳግመኛ መለሱ። ደግነት እንዲህ ሲያንቅ አይቼ አላውቅም። በሦስተኛው ኤሊ ለብቻዬ ጻፈችልኝ፤ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። እንዳለ ነገርኳት። ከዚያ «አብረን እናርመው» አለችኝ፤ ለአንድ ሳምንት አርባ አንዱን አንድ በአንድ አየናቸው። በእጅ የሚቆፈር፣ በጎርፍ የሚደፈን፣ ለሰው አደገኛ፤ እያልን ጻፍን። ተሠርቶ የቆመ ጉድጓድ ያገኘነው ዘጠኝ ብቻ ነው። ስንጨርስ አላመሰገነችኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም። ለወዳጆቼ ይህንን ንገሪልኝ፤ እነሱ አልበደሉኝም፣ የነገርኳቸውን አመኑ እንጂ።

እንግዲህ ካርታው ታረመ። ዝርዝሩ ግን ካርታ አይደለም፤ አንዴ ከተጻፈ ካርታው ቢለወጥም እሱ አይለወጥም። አሌክስ እንደሚለው የሁለተኛው ዙር ማሽን ከክረምት በኋላ ይመጣል፤ ዝርዝሩ የሚዘጋው ሰኔ መጨረሻ ነው፤ ማስተካከያ የሚቀበሉትም ካዘጋጀው ሰው ብቻ ነው። በሰኔ ካልተስተካከለ፣ መጪው በጋ እነዚያው ሴቶች እዚያው አሸዋ ውስጥ ይወርዳሉ። አሁን ታች የምትወርደው የናኪሩ ታናሽ ናት።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ደውለሽልኝ ነበር። ትዝ ይልሻል፤ እኔ ከየካቲት ወዲህ ሌላ ትዝ አይለኝም። «አባዬ፣ ካንጋተን ማዶ ያሉት ሦስቱ እርግጠኛ ነህ? እዚያ ውሃ አለ?» አልሽኝ። እኔም ተቆጣሁ። «የደቡብ ኦሞን መንገድ አንቺ ነሽ እኔን የምትጠይቂኝ? ስንት ጊዜ የጠጣሁትን!» አልኩሽ። ሳቅሽና ይቅርታ ጠየቅሽኝ። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ለድርጅትሽ ሥራ እንደምትጠይቂኝ ብትነግሪኝም ኖሮ ያው እንደዚያው እመልስ ነበር፤ ትዕቢቴን አውቀዋለሁ። ጠጣሁ ያልኩትም ውሸት ነው። ከቤት በያዝኩት ጀሪካን ነበር የምጠጣው። የእነሱን የጠጣችው መኪናዋ ናት።

ወረቀቱ ግርጌ ላይ «ያዘጋጀችው» የሚል አለ። ለቅሶው ላይ፣ ሎቲያንግ ሳይጠይቀኝ በፊት አንብቤዋለሁ። እዚያ የተጻፈውን ስም በክርስትናሽ ዕለት፣ እናትሽ ሌላ ፈልጋ ሳለ፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ስሙን ለአሌክስም አላሳየሁትም፤ አይቶት እንደሆነ ደግሞ ምንም አላለኝም። አርባ ቀን ልጽፍልሽ ተነስቼ አርባ ቀን ተቀመጥኩ። ልሸከመው ፈልጌ ነበር፣ አባት አይደለሁ? ለሎቲያንግ «እኔ ነኝ» ስል ከልቤ ነበር፣ አሁንም ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ፤ አንቺ ጠይቀሻል፣ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። ግን ሰርዝ አለኝ፣ እሺ ብዬ ማልኩለት፣ መሰረዝ አልችልም። ያ በእጅሽ ነው ያለው። ለአለቆችሽ «ተሳስቼ ነበር» ብለሽ መጻፍ እንዳለብሽ አውቃለሁ፤ ሥራሽን ሊያሳጣሽ እንደሚችልም አላጣሁትም። ይህን ልጠይቅሽ ስነሳ ብዕሩ ከእጄ ይወድቃል። ግን ጻፊው ልጄ። «አባቴ ነው ያሳሳተኝ» ብለሽ ስሜን ጨምሪበት፤ የኤሊንም ምስክርነት እልክልሻለሁ። ሰኔ ሩቅ አይደለም።

አንብበሽ ስትጨርሺ ብቻሽን አትሁኚ፤ ከዚያ ካሉት ጓደኞችሽ አንዷን ጥሪ። እኔን መቆጣት ከፈለግሽ ደውለሽ ተቆጪኝ፣ አነሳዋለሁ። የእናትሽ አምላክ አይለይሽ፤ የምትቆሚበትን መሬት ያጽናልሽ፤ እውነት ተናግረሽ የምታድሪበት ቤት አያሳጣሽ። እግርሽን እንቅፋት፣ ፊትሽን እፍረት አይንካው። አሜን።

ሁልጊዜም የሚወድሽ
አባትሽ ወልደ ጊዮርጊስ

ለሎቲያንግ ስምሽን አልነገርኩትም። መጥተሽ ራስሽ ልትነግሪው ከወደድሽ አብረን እንወርዳለን። የምንጠጣውን ከዚህ ከጂንካ ይዘን ነው የምንሄደው። እዚያ ውሃ የለም።